ፎርማተር ባበራ ኮዱ ተተራመሰ፣ መላ በሉኝ

የከዚራ_ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሶስት ሆነን ለአንድ የመጋላ ሱቅ የስቶክ ሲስተም እየሰራን ነው፣ ፊቱ በጃቫስክሪፕት ከኋላ ያለው በፓይተን። የመስመሩን መግቢያ ገባ ለማድረግ እኔ ስፔስ ነው የምወደው፣ አንዱ ልጅ ታብ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ሶስተኛው ምንም አይገደውም። ትናንት ፕሪቲየርን፣ የጃቫስክሪፕቱን ኮድ አሰላለፍ በራሱ የሚያስተካክለውን ፎርማተር፣ ሴቭ ሳደርግ ይስራ ብዬ አበራሁትና የታብ ወዳጁ ፋይል ላይ ሶስት መስመር ነካሁ፣ ፑል ሪኩዌስቱን (ለውጤን አይተው እንዲቀበሉኝ የማቀርበውን) ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። «ይሄን በዚህ ሙቀት አላነብም» ብሎ ዘጋው። ልተወው እንዴ?

ጁገል_በር፦
አትተወው አቦ። ጥፋቱ ፎርማቱንና ስራውን በአንድ ኮሚት (አንዴ በሚመዘገብ ለውጥ) መቀላቀልህ ነው። መጀመሪያ ክፍት ብራንች (ለብቻው የተነጠለ ስራ) ካለ ከዋናው ኮድ ጋር መርጅ አድርጉ፣ ያለዛ ለውጦቹ እየተጋጩ ኮንፍሊክቱ አያልቅም፣ ከዛ አንድ ሰው ሙሉውን ፕሮጀክት አንዴ ፎርማት አድርጎ ለብቻው ኮሚት ያድርግ። ኮንፊጉ (የፎርማተሩ ቅንብር ፋይል) ፕሮጀክቱ ውስጥ ይግባ፣ ቨርዥኑም ለሶስታችሁ አንድ ይሁን፣ እኛ ጋ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ይዞ አንዱ የሰራውን ሌላው ሲያፈርስ ሳምንት ሙሉ ተጫውተናል። ለፓይተኑ ብላክ የሚባል ፎርማተር አለ፣ መስመሩን 88 ፊደል ላይ ይቆርጣል፣ ፕሪቲየር 80 ላይ፣ በቁጥሩ አትጨቃጨቁ። ጎ በሚባለው ቋንቋ የሚጽፉትን እይ፣ ፎርማተሩ ከቋንቋው ጋር ነው የሚመጣው፣ ታብ አልፈልግም የሚባልበት ቦታ እንኳን የለውም፣ ሰላም ናቸው።

ሳቢያን_ነኝ፦
ዋሪያ ቆይ፣ አንዳችሁ ዊንዶውስ ናችሁ አይደል? ፕሪቲየር ከ2.0 ጀምሮ፣ 2020 ማለት ነው፣ ካልከለከልከው የመስመር መጨረሻውን እንደ ሊኑክስ ነው የሚጽፈው፣ ዊንዶውስ ጫፉ ላይ አንድ የማይታይ ነገር ይጨምራል። አይንህ ምንም ሳያይ ጊት፣ የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው፣ ሁሉም ተቀይሯል ይልሃል። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በቀኝ በኩል እየው፣ ኤልኤፍ (የሊኑክሱ) ወይ ሲአርኤልኤፍ (የዊንዶውሱ) ይላል።

ሸንኮር_ማታ፦
እኔ ብላክን አልወደውም በቃ፣ የቁጥር ሰንጠረዥ በአምድ በአምድ አሳምሬ ደርድሬ ሴቭ ሳደርግ ድራሹን አጠፋው። ከላይና ከታች ፎርማት አጥፋ፣ ፎርማት አብራ የሚለውን ኮሜንት ካስቀመጥክ ግን አይነካውም። ሌላው፣ ያ ትልቁ ኮሚት ሲገባ ጊት ብሌም ላይ፣ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ ማን እንደነካው የሚያሳየው ላይ፣ መስመሩ ሁሉ ባንተ ስም ይሆናል፣ ሱቁ ሂሳብ ተሳሳተ ባለ ቁጥር የምትጠራው አንተ ነህ። ከጊት 2.23 ወዲህ የኮሚቱን ቁጥር ፋይል ላይ ጽፈህ ይሄን ዝለለው ማለት ይቻላል፣ ሳትረሳ አድርገው።

የከዚራ_ልጅ፦
ሳቢያን ተባረክ፣ የታብ ወዳጁ ሲአርኤልኤፍ ይላል የኔ ኤልኤፍ። መብራት ካልሄደ ማታ ሙሉውን ፎርማት አደርጋለሁ። ታቡን ለቀቅኩለት፣ ፕሪቲየር ኮንፊግ ላይ አንድ መስመር ናት። ብላክ ግን አራት ስፔስ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የታብ አማራጭ የለውም፣ እሱን ገና አልነገርኩትም።