የልጄን 8ኛ ዓመት ልደት ግቢ ውስጥ በስፖርት ላከብር ነው፣ ሐሳብ አዋጡ

የሰሚቷ እናት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንዱ ልጄ 8 ሊሞላው ነው፣ ኳስ ኳስ ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ግማሹ ሲሚንቶ ግማሹ ሳር፣ የአከራያችን ሳሎን መስኮት ደግሞ ፊት ለፊት አለ። 15 ልጆች ገደማ ይመጣሉ፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 11። ኳስ የማይወዱም አሉ። ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ጠይቄ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ላደርገው አስቤያለሁ። ቤት ባለ ነገር ምን ላድርግ? ምን ላብላቸው?

የቡና ደጋፊ፦ መጀመሪያ መስኮቱን እናድን። ለዚህ ዕድሜ 3 ወይም 4 ቁጥር ኳስ ነው የሚሆነው፣ አንቺ ግቢ ግን የካልሲ ኳስ ይሻላል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀሽ ጥብቅ አድርገሽ ማሰር ነው። አይነጥርም፣ አጥር አይዘልም፣ መስታወት አይሰብርም። ለጎል ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ አቁሚ፣ ምቱ ወደ መስኮቱ እንዳይሆን ብቻ አቅጣጫውን አዙሪው።

ሠፈር አሠልጣኝ፦ 15ቱን አንድ ላይ እንዳታጫውቻቸው። ትልልቆቹ ኳሷን ይዘው ይቀራሉ፣ ትንንሾቹ እያለቀሱ እናታቸው ጋ ይመጣሉ። ሦስት ቦታ ክፈያቸውና እየተቀያየሩ ይጫወቱ። አንዱ ጋ 3 ለ 3፣ ያለ በረኛ፣ 5 ደቂቃ። ሁለተኛው ጋ ፔናሊቲ፤ እውነተኛው 11 ሜትር ነው፣ ለትልልቆቹ 5 ሜትር፣ ለትንንሾቹ 3 ይበቃል። ሦስተኛው ኳስ የሌለበት ይሁን፦ ጆንያ ሩጫ፣ ገመድ ጉተታ፣ በጠመኔ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ። ሰኞ ማክሰኞው ሲሚንቶ ላይ፣ ሩጫ የሚባል ነገር ሁሉ ሳሩ ላይ፣ አለዚያ የስንቱን ጉልበት ፕላስተር ስትለጥፊ ልትውይ ነው። «የተሸነፈ ይውጣ» የሚባል ጨዋታ ደግሞ ይቅር። ግቢውን የሚያምሰው የወጣው ልጅ ነው።

ጀሞ ነኝ፦ ዓርብ? ጾም ነው እኮ እህቴ! ከ7 ዓመት ጀምሮ የሚጾም ልጅ አለ፣ ኬኩን እያየ ምራቁን ሊውጥ ነው? ቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 7 ሰዓት አድርጊው። ማብቂያውን ጥሪው ላይ ጻፊ፣ ካልጻፍሽ ማታ 12 ሰዓት ልጁን ሊወስድ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም። የምስር ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ፈንዲሻ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን በቂ ነው። ሥጋ ካላስገባሽ የሙስሊሞቹም የክርስቲያኖቹም እናቶች አይጨነቁም። እየተጫወቱ ውሃ ብቻ ስጫቸው። ለስላሳና ኬክ መጨረሻ ላይ፣ ጠጥቶ የሚሮጥ ልጅ ያስመልሰዋል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ኳስ ብቻ አታድርጊው። የግቢ ታላቁ ሩጫ አዘጋጂላቸው፣ ወረቀት ላይ ቁጥር እየጻፍሽ ደረታቸው ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ መርፌ ቁልፍ ይወጋቸዋል። አንዱን ዙር በባዶ እግር ይሩጡት። አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የዛሬ ልጆች ስሙን እንጂ ታሪኩን አያውቁም። ለሴቶቹ ደራርቱን አንሺላቸው፣ በፈረንጆቹ 1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ብቻ ሳሩን በደንብ ፈትሺው፣ የጠርሙስ ስባሪና ሚስማር አይጠፋም።

የሰሚቷ እናት፦ ተባረኩ! ቅዳሜ ሆኗል። አባባ፣ የባዶ እግሩን ነገር ልጄ ሰምቶ ከአሁኑ ጫማ አላደርግም እያለ ነው። መዳሊያ ለሁሉም ልስጥ ወይስ ላሸነፈ ብቻ? ማሊያስ ልግዛ?

የቡና ደጋፊ፦ ማሊያ አትግዢ፣ ያላቸውን ለብሰው ይምጡ። የአርሴናልና የማንቼ ልጆች ግን አንድ ቡድን ውስጥ ይደባለቁ፣ አለዚያ ጠብ ነው። ቡድን ለመለየት ክንዳቸው ላይ ጥብጣብ እሰሪ። መዳሊያ ላሸነፈ ብቻ ነው፣ የ11 ዓመት ልጅ ለሁሉም የታደለ መዳሊያ አይሸወድበትም።

ጀሞ ነኝ፦ አልስማማም፣ የ5 ዓመቷን አስቧት እንጂ! ካርቶን ቆርጠሽ ወርቃማ ወረቀት አልብሺና ለሁሉም ስጪ። ዋንጫ ከፈለግሽ አንድ ብቻ ይኑር፣ እሱን ያሸነፈው ቡድን ይውሰድ። ለልደት ልጁ ይሰጥ ብለሽ ውጤት እንዳታዛቢ፣ ልጆች ወዲያው ነው የሚያውቁት።

ሠፈር አሠልጣኝ፦ አከራይሽንም ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ በዕለቱ ጩኸቱን ሲሰሙ እንዳይቆጡ። ከቻልሽ ወንበር አውጥተሽ ፊሽካ ስጫቸውና ዳኛ አድርጊያቸው፣ ሰው ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ስለ መስኮቱ ማሰብ ይረሳል።