ድሬ ላይ የማይክሮባዮሎጂ ላብ ልንከፍት ነው፣ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ዲፓርትመንቱ አንድ ባዶ ክፍል ሰጥቶን ከታካሚ ናሙና ባክቴሪያ የምናሳድግበት ላብ እናድርገው ብለናል፣ ላሚናር ፍሎው (የተጣራ አየር የሚነፋ የመስሪያ ሳጥን) አለን፣ ለሴፍቲ እሱ ይበቃል? ፈቃዱስ ከማን ነው የሚጀመረው?

የጀጎል ልጅ፦ ኧረ ወንድሜ አይበቃም! እሱ ናሙናውን ነው እንጂ አንተን አይጠብቅም፣ ብዙዎቹ እንደውም አየሩን ወደ ፊትህ ነው የሚነፉት። ክላስ 2 ባዮሴፍቲ ካቢኔት ፈልጉ፣ ናሙናውንም ሰሪውንም የሚጠብቅ፣ በየዓመቱ ሰርቲፋይ የሚደረግ (በባለሙያ ተፈትሾ የሚረጋገጥ)። ከበርና ከቬንትሌተር አርቃችሁ ትከሉት፣ በድሬ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር እንዴት ይሰራል እንደምትሉ አውቃለሁ ግን ንፋሱ ካቢኔቱ ፊት ያለውን የአየር መከላከያ ያበላሸዋል።

ላብ ቴክ፦ መብራትም አስቡበት። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያው) 121 ዲግሪ ገብቶ ለሚዲያ (ባክቴሪያው ለሚያድግበት ምግብ) 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ለቆሻሻ ግን ከዛ በላይ ነው፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ካቢኔት ላይ እየሰራችሁ ከጠፋ ወዲያው ናሙናውን ክደኑና አቁሙ፣ ጀነሬተር እስኪነሳ እያላችሁ እንዳትቀጥሉ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ፈቃዱስ?

የጀጎል ልጅ፦ የሰው ናሙና ስለሆነ ኤቲክስ ኮሚቴ (የምርምር ስነምግባር የሚያጸድቀው) መጀመሪያ፣ ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ማለቴ ነው፣ ከሰበሰቡ በኋላ ደብዳቤ የሚሮጡ አሉ፣ አይሰራም። ሐረር ያለው የሐረማያ ጤና ኮሌጅ የራሱ ኮሚቴ አለው፣ የእናንተን ግቢ ጠይቁ። ናሙና ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ የማስተላለፊያ ስምምነትም ይጠየቃል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ ካቢኔቱን በጀት ውስጥ አስገባለሁ፣ ዲኑ ዋጋውን ሲያይ ምን እንደሚል እንጃ 😅