እስክስታ ለ68 ዓመት እናት እንደ ስፖርት ይቆጠራል ወይ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት ጉልበቷንም ያማታል፣ ሐኪሟ እንቅስቃሴ አድርጊ ብሏታል ግን ወክ በጭራሽ አትወድም፣ የሰፈራችን መንገድም ተቆፋፍሮ ብቻዋን ስትወጣ እሰጋለሁ። ቲቪ ላይ የጎንደር ሙዚቃ ሲመጣ ግን የጀመረችውን ቡና ትታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትነሳለች፣ እስክስታውን ስትወርደው እኔ ራሴ አልደርስባትም። ወንድሜ ደግሞ "ትወድቅብናለች ተቀመጪ በያት" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ጭፈራ እንደ ስፖርት ይቆጠራል እንዴ? እስቲ የምታውቁ

ፊዚዮ ነኝ፦
ይቆጠራል እንጂ! የዓለም ጤና ድርጅት ለትላልቅ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ወክ ይሁን ጭፈራ ልብ አይለየውም። መካከለኛ መሆኑን የምታውቂው እየጨፈረች ከአንቺ ጋር ማውራት ከቻለች ግን ከዘፋኙ ጋር አብራ ልዝፈን ስትል ትንፋሽ ካጠራት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እስክስታ ዋናው ስራው ትከሻ ደረትና አንገት ላይ ነው፣ እግር አንድ ቦታ ተተክሎ ሊውል ይችላል፣ ሰውን ከመውደቅ የሚያድነው ደግሞ የእግር ጉልበትና ሚዛን ነው። ስለዚህ እየወረደችው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሁለት ወደ ኋላ እንድትል አድርጊያት። የትግርኛ ጭፈራ ለዚህ ምርጥ ነው፣ እየዞሩ ቀስ እያሉ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የጉራጌው ግን ዝላዩ ስለሚበዛ ለታመመ ጉልበት ይቅር።

ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል፣ ስለዚህ ዘፈኑን እንደሰማች ዘላ አትነሳ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ታሟሙቅ። ከእግሯ ስር ምንጣፍ አንሺ፣ አጠገቧ የምትይዘው ጠንካራ ወንበር ይኑር፣ ተረከዝ የማይዝ ሸበጥ አይሆንም። ደረቷን ካመማት ወይ ካዞራት ወዲያው አቁማ ለሐኪሟ ትንገር።

የወልቂጤ ልጅ፦
ኧረ ፊዚዮ ጉራጌ ምን በደለሽ ሃሃሃ። እኛ ጋ መስቀል ላይ ትልልቆቹ ሴቶች አይዘሉም እኮ፣ እያጨበጨቡ በጉልበታቸው ትንሽ ሸብረክ እያሉ ነው የሚሄዱት፣ ዝላዩ የጎረምሳ ነው

ፊዚዮ ነኝ፦
እሺ ተቀብያለሁ 😂 ሸብረኩ ካላመማት ለጭኗም ጥሩ ነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የመርሳት ነገርንም አትርሱ። 2003 ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ከአካል እንቅስቃሴዎቹ መሃል በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድል ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። እርግጥ ይሄ ዳንስ በሽታውን ከለከለ ማለት አይደለም፣ መርሳት የጀመረው ሰው አስቀድሞ ዳንሱን ትቶ ሊሆንም ይችላል። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ሰው ማግኘቱ ነው፣ እዚህ አሜሪካ እናቶቻችን ልጆቹ ስራ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነው የሚውሉት፣ ሰርግ ሲመጣ አይታችኋቸዋል? ጉልበቴን የምትለዋ ሁሉ መሃል ሜዳ ናት

ማኅበርተኛ፦
ዘፈን የማይፈልጉ እናቶችም አሉ እኮ። የኔ እናት ዓለማዊ ዘፈን ብትሞት አትሰማም፣ ለመዝሙር ግን ቆማ ታሸበሽባለች፣ ያው ክብደቷን ከግራ ቀኝ ማዛወር አይደል። ዐቢይ ጾም ላይ ከበሮ ስለማይመታ ትንሽ ትቀንሳለች እንጂ አታቆምም

የእማዬ ልጅ፦
ተባረኩ ሁላችሁም 🙏 ወንድሜን ምንጣፉን ራሱ እንዲጠቀልለው አድርጌዋለሁ። አሁን ችግሩ ጫማው ነው፣ "ቤቴ ውስጥ ጫማ አድርጌ ልጨፍር?" ብላ ተቆጣችኝ

ፊዚዮ ነኝ፦
ደጅ ያልረገጠ ቀላል ካንቫስ ግዢላት፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፣ የቤት ነው በያት