ከስታንዳርድ ሁኔታ ውጭ የሴል ቮልቴጅ ስሌት፦ ስህተቴ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ሳለ ከመዳብና ከብር በተሠራ ሴል ላይ የቀረበ መልመጃ አስቸገረኝ። መዳቡ አኖድ (ኤሌክትሮን የሚለቀው)፣ ብሩ ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚቀበልበት) ሲሆን የሙቀት መጠኑ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የመዳብ አዮን ክምችት 1.0 ሞላር፣ የብር አዮን ክምችት ደግሞ 0.010 ሞላር ነው። ከብሩ የሰንጠረዥ ዋጋ ከ0.80 ቮልት ላይ የመዳቡን 0.34 ቀንሼ የስታንዳርድ ቮልቴጁን (ክምችቶቹ 1 ሞላር ሲሆኑ ያለውን) 0.46 አገኘሁ፤ ክምችቶቹን ከግምት በሚያስገባው በኔርንስት ቀመር ስቀጥል ግን 0.40 ቮልት ይወጣልኛል፤ የመጽሐፉ መልስ 0.34 ነው።

ምላሽ፦ የስታንዳርድ ቮልቴጁን በትክክል አግኝተዋል፤ ስህተቱ ያለው ኪው በምንለው ክፍልፋይ ላይ ነው፤ ይህም የሚወጣው የመዳብ አዮን ክምችት ከላይ፣ የሚገባው የብር አዮን ክምችት ከሥር የሚቀመጥበት ነው። አንድ የመዳብ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ሲለቅ እያንዳንዱ የብር አዮን የሚቀበለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በተመጣጠነው ሪአክሽን ውስጥ ሁለት የብር አዮኖች ይገባሉ፤ ስለዚህም የብር አዮን ክምችት በራሱ ተባዝቶ ነው ከሥር የሚቀመጠው። እርስዎ 1.0ን ለ0.010 አካፍለው 100 ወስደዋል። 0.010 በራሱ ሲባዛ ግን 0.00010 ስለሚሆን ኪው 10,000፣ ሎጋሪዝሙም 4 ይሆናል። በቀመሩ ውስጥ ያለው ቁጥር 0.0592 ለ2፣ ማለትም ለሚተላለፉት ኤሌክትሮኖች ብዛት፣ ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 0.118 ይሰጣል፤ ይህን ከ0.46 ስንቀንስ 0.34 ቮልት እናገኛለን። ጠጣሮቹ መዳብና ብር ኪው ውስጥ አይገቡም።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። ነገር ግን የብሩን ግማሽ ሪአክሽን በሁለት ካባዛን 0.80 ለምን አብሮ አይባዛም?

ምላሽ፦ ቮልቴጅ ማለት ለእያንዳንዱ ኩሎም ቻርጅ የሚደርሰው ኢነርጂ ነው። ሪአክሽኑ በሁለት ሲባዛ ኢነርጂውም፣ የሚተላለፈው ቻርጅም እኩል በእጥፍ ስለሚያድጉ ውድራቸው አይለወጥም። ኪው ውስጥ ያለው ክምችት ግን በተመጣጠነው ሪአክሽን ፊቱ ያለው ቁጥር አርቢው ይሆናል፤ ለምሳሌ ቁጥሩ 2 ከሆነ ክምችቱ በራሱ ይባዛል፤ ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን የሚያምታቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ።

ሌላ ምላሽ፦ በክፍል ውስጥ ቸል የሚባል አንድ ነጥብ ልጨምር። 0.0592 የሚሠራው ለ25 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከኬልቪን ሙቀት ጋር አብሮ ስለሚያድግ በ60 ዲግሪ ወደ 0.0661 ይደርሳል። በሰንጠረዥ የምናነባቸው 0.80 እና 0.34ም የ25 ዲግሪ ዋጋዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሙቀቱ በእጅጉ ሲለወጥ 0.0592ን ብቻ ቀይሮ 0.46ን እንዳለ መተው የተሟላ ስሌት አይሆንም። ከማስላትዎ በፊትም አቅጣጫውን ቢገምቱ መልካም ነው፤ የሚገባው የብር አዮን ከ1 ሞላር ካነሰ፣ መዳቡ 1.0 ሞላር እስከሆነ ድረስ፣ መልሱ ከ0.46 በታች መውጣት አለበት።