የ8 ዓመት ልጄን ሳላስፈራራ ልቡን እንዲጠብቅ እንዴት ላስለምደው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በ52 ዓመቱ ድንገት የልብ ሕመም ይዞት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልክ ከያዘ እስኪመሽ አይነሳም፤ ውሃ ስሰጠው “ለስላሳ የለም?” ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ተናድጄ “እንደ አያትህ ልብህን ያምሃል!” አልኩት። ማታ ላለብሰው ስገባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አይኑን አፍጥጦ አገኘሁት። “እማ፣ እንዳይቆም እየጠበቅኩት ነው” አለኝ። ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም። እህቱ 3 ዓመቷ ነው፤ እሱ ያደረገውን ሁሉ ታደርጋለች። ምን ላድርግ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ያቺኑ ደረቱ ላይ ያኖራትን እጅ ተጠቀሚባት። መጀመሪያ አረፍ ብሎ ሳለ ሁለት ጣቱን የእጁ አንጓ ላይ አስደርጊውና ትርታውን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በ2 አባዙት። ከዚያ አብራችሁ ሩጡና እንደገና ቁጠሩ። ከ5 ደቂቃ እረፍት በኋላ ደግሞ አንዴ። ልቡ ሲፈጥን፣ ከዚያም ማንም ሳይነካው ሲረጋ በገዛ ጣቱ ያየዋል። “ልብ ጡንቻ ነው፤ ስትጫወት ይጠነክራል” በይው። ይሄ ከማንኛውም ማስፈራሪያ ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። የግድ በአንዴ መሆን አያስፈልገውም፤ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቢጠራቀምም ያው ነው። ለትንሿ ቀኑን ሙሉ ተደማምሮ 180 ደቂቃ ነው፣ እሷ ግን ካልከለከልሻት ራሷ ትሞላዋለች። እንቅልፍም አትርሺ፤ በሱ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ለስላሳውን በተመለከተ፣ ለልጆች የሚመከረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 35 ግራም ገደማ አለው። ቤት ውስጥ እያለ “አትጠጣ” ማለት ጭቅጭቅ ነው፤ አለመግዛት ይቀላል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የአባትሽን ሕመምና ዕድሜውን ለልጆችሽ ሐኪም ንገሪ። በቤተሰብ ውስጥ ወንድ ዘመድ ከ55 ዓመቱ በፊት በልብ ሲታመም የልጁን ኮሌስትሮል (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) ማየት ሊያስፈልግ ይችላል፤ የደም ግፊቱንም አስለኪው። ሌላው ቶንሲል ነው። ትኩሳት ያለበት የጉሮሮ ሕመም ሲይዛቸው “ያልፋል” አትበይ፣ አስመርምሪ። በባክቴሪያ የመጣው ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር) ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘም ቢሻላቸው እንኳ ይጨርሱት። ቫልቩ የተጎዳ ልጅ አስታምሜያለሁ፤ ስለዚህ ነው የምወተውትሽ።

የሦስት ልጆች አባት፦
እኔ ስልክ ስነጥቅ ዓመት ፈጀሁ፣ ምንም አልመጣም። የተለወጠው የራሴን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ኳስ ይዤ የወጣሁ ቀን ነው። መካከለኛው ልጄ በመስኮት አየኝና ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወጣ። ሲጋራውንም የተውኩት በነሱ ምክንያት ነው፤ በረንዳ ላይ ባጨስም ጭሱ ቤት ይገባ ነበር። ምግብ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ይኑርሽ። አንድ አትክልት አሥር ጊዜ ተፍቶ በአሥራ አንደኛው የሚበላ ልጅ አለኝ። እያጠበና እየላጠ ያገዘኝን ቀን ነው የበላው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተባረኩልኝ። ቅዳሜ ቆጠርን። ሳይሮጥ 88፣ ከሮጠ በኋላ 140፣ ካረፈ በኋላ 94። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፎ “እማ፣ ራሱ ተመለሰ!” አለኝ፤ አቅፌው አለቀስኩ። እህቱም ጣቷን ክርኗ ላይ አድርጋ “አንድ፣ ሁለት፣ አምስት” ስትል ዋለች። ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለስላሳው ላይ ገና አልተስማማንም። አያቱ እሑድ ሲመጣ የሱንም ሊቆጥርለት ደብተሩ ላይ ቦታ አዘጋጅቷል።