«አያቶቻችን አይጥ ላይ አልሞከሩም»፦ የሰሙ ክርክር

ነርሷ፦ ትናንት እዚህ «ከሰም የተሠራ መድኃኒት ቃርን አዳነ» ተብሎ ተለጠፈ። ከስሩ አንዱ «ኦሜፕራዞላችሁን ጣሉ» ብሏል፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት ማለቱ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። ነገሩ የኩባ ነው። ሃቫና ያለ የምርምር ማዕከል ከንብ ሰም ስድስት አልኮሎችን (የሚጠጣው ዓይነት አይደሉም) ለይቶ ዲ-002 ብሎ ሰየመው። አቤክሶል የሚባለው እሱ ነው። ይሄ የቃሩ ሙከራ ግን የተሠራው አይጥ ላይ ነው። አይጥ የሚለው ቃል ለምን ተዘለለ?

የማር ሰው፦ እህቴ፣ ሰም ተፈጥሯዊ ነው። አያቶቻችን አይጥ ላይ ሳይሞክሩ ማሩን ከነሰፈፉ አኝከው ድነዋል።

ላብ ያለው፦ «ድነዋል» ያልከውን ማን ቆጠረ? ያልዳኑት መጥተው አይነግሩንም። ደግሞ ዲ-002 ሰፈፍ አይደለም።

የማር ሰው፦ ሰፈፍን ለኔ ታስተምራለህ? ጠጅ ቤት ነው ያደግኩት። እናቴ ሰፈፉን አፍልታ፣ በጨርቅ ጨምቃ፣ ሰሙ ውሃው ላይ ሲረጋ አንስታ ትሸጥ ነበር።

ላብ ያለው፦ እናትህን አከብራለሁ። ግን ሰም ውስጥ አልኮሎቹ ከስብ አሲድ ጋር ተጣብቀው ነው ያሉት። ሆዳችን ያንን በደንብ አይፈታውም። ሃቫናዎቹ የፈቱት እሱን ነው። አያቶችህ ያኘኩት ሌላ ነገር ነው።

ኩባ የተማርኩ፦ በደርግ ጊዜ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በምትባል የኩባ ደሴት ያደግኩ ነኝ። ሶቭየት ሲፈርስ እዚያ መድኃኒት ጠፋ። ሰዎቹ ከሸንኮራውም ከሰሙም መድኃኒት ፈለጉ። ነርሷ፣ «አይጥ ነው» ብለሽ አታጣጥይብኝ። ኦሜፕራዞልም መጀመሪያ እንስሳ ላይ ነው የተሞከረው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ኩባን አልነካሁም። ሙከራውን ግን ይዩት። አይጡ ይጾማል። በማደንዘዣ ሆዱ ይከፈትና ጨጓራው ወደ አንጀት የሚያልፍበት በክር ይታሰራል። ፊተኛው የጨጓራ ክፍልም ይታሰራል። አሲዱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይገፋል። ከሰዓታት በኋላ አይጡ ይገደላል፣ የምግብ ቧንቧው ተሰንጥቆ ቁስሉ ይለካል። የኔ ታካሚዎች 10 ዓመት ቃር ይዟቸው ነው የሚመጡት። የሰዓታት ቁስልና የ10 ዓመት ቁስል አንድ አይደለም።

እንስሳ ወዳዷ፦ ስለ ክሩ ሳነብ አለቀስኩ። ራስልና በርች የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ እንስሳ ሙከራ፣ እንስሳውን መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል ብለው ጽፈዋል። ለቃር ይሄ ሁሉ?

ነርሷ፦ ቃር አትናቂ። ቆይቶ ካንሰር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ላብ ያለው፦ ሌላም አለ። የአይጥ የምግብ ቧንቧ ውስጡ እንደ ቆዳ የጠነከረ ሽፋን አለው፣ የኛ የለውም። አይጥ ማስታወክም አይችልም።

ኩባ የተማርኩ፦ ታዲያ ሰው ላይ እንሰር? የሰሙ ጥቅም አሲዱን ከማጥፋት ይልቅ የጨጓራውን ዝልግልግ ሽፋን ማጠናከሩ ነው። ያ በአይጥም ይታያል።

ላብ ያለው፦ ይታያል። «አዳነ» ግን አያሰኝም።

የማር ሰው፦ እናቴ እስከ ዛሬ ማር ከነሰፈፉ ታኝካለች፣ ቃሯም ይበርዳል። ይሄንን የትኛው አይጥ ይክደዋል?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ስትውጥ ያማታል? ክብደት ቀንሳለች?

የማር ሰው፦ ትንሽ ቀንሳለች። እሱ ከሰሙ ጋር ምን አገናኘው?

ነርሷ፦ ሰሙን ተወውና ሐኪም ጋ ውሰዳት። በዚህ ሳምንት።

ላብ ያለው፦ «ድነዋል» ያልከውን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።