ለጋራ ማይክሮስኮፕ ማዕከል አራተኛ ፎቅ ወይስ የቀድሞው መጋዘን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ እሠራለሁ። ሦስት የትምህርት ክፍሎች በጋራ የሚጠቀሙበት የማይክሮስኮፕ ማዕከል ልናቋቁም ነው፤ አንድ ኮንፎካል (ናሙናውን በሌዘር ንብርብር በንብርብር የሚያነሳ)፣ አንድ ፍሎረሰንስ (ቀለም የተቀባ ናሙና የሚያወጣውን ደካማ ብርሃን የሚያሳይ) እና ሁለት ተራ ማይክሮስኮፖች ይኖሩናል። ሁለት ቦታ ቀርቦልናል፦ አራተኛ ፎቅ ላይ ብርሃን የሞላበት ሰፊ አዳራሽ፣ ወይም ምድር ላይ ያለ ጠባብ የቀድሞ መጋዘን። ሁሉም አዳራሹን ወደውታል። የክፍሉን ፍላጎት በሁለት ሳምንት ውስጥ ጽፌ ለሕንፃ ክፍል ማስገባት አለብኝ። ምን ልጻፍ?

መልስ፣ የምስል ላቦራቶሪ ኃላፊ፦
መጋዘኑን ይውሰዱ። ሰዎች የወደዱት ብርሃን ለፍሎረሰንስ ጠላት ነው፤ መስኮቱን ሁሉ መድፈን ሊኖርብዎ ነው። ከዚህ የሚብሰው ንዝረት ነው። የላይኛው ፎቅ ወለል፣ በተለይ መካከሉ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ኮንፎካሉ ደግሞ አንዱን ናሙና ንብርብር በንብርብር ሲያነሳ ብዙ ደቂቃ ይቆያል።

ቃሌን ብቻ አይመኑ። አሁን ያላችሁን ተራ ማይክሮስኮፕ በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ በሁለቱም ቦታ አስቀምጡና አንድ ሰው በአጠገቡ ይመላለስ፤ ሊፍቱም ይንቀሳቀስ። ምስሉ የሚወዛወዝበትን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ለሚከራከሩትም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ በቀጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳይነፍስ ይጻፉ። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲል ትኩረቱ ይንሸራተታል።

መልስ፣ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ፦
በቦታው ምርጫ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያ ግን በመደበኛነት የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሌዘሩም የዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካው መሣሪያ) ማራገቢያ የለመደውን ያህል ሙቀት አያወጣም። ከግዢው በፊት ከፍታውን ለአቅራቢው በጽሑፍ አሳውቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ጄነሬተር ብቻውን አይበቃም፤ እስኪነሳ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ኮምፒውተሩም ሌዘሩም ይጠፋሉ። ዩፒኤስ የግድ ነው። ፍሎረሰንሱንም በኤልኢዲ የብርሃን ምንጭ እዘዙ። የሜርኩሪ አምፖል ትኩስ እያለ እንደገና ሲበራ ይጎዳል፤ ሊፈነዳም ይችላል። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚጠፋበት ቦታ ግማሽ ሰዓት እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው።

መልስ፣ የዶክትሬት ተማሪ፦
እኔ የምለምናችሁ በተጠቃሚው ቦታ ሆኜ ነው። ናሙና በፈሳሽ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛና ማጠቢያ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ግን በጣም አይራቅ። ምስል የሚተነተንበት ኮምፒውተርም ከማይክሮስኮፑ ይለይ። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ውድ ጊዜዬን ያጠፋሁት፣ ሌላው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፋይሉን እስኪቀዳ ስጠብቅ ነው። ከጠረጴዛው በስተጀርባም ለጥገና ሰው የሚገባበት ክፍተት ተዉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን ሄጄ ሳይ ግን የመጋዘኑ አንድ ግድግዳ ከጄነሬተሩ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። በክረምትም ይረጥባል ይላሉ።

መልስ፣ የምስል ላቦራቶሪ ኃላፊ፦
እንኳን ቀድመው አዩት። ያንኑ ሙከራ ጄነሬተሩ እየሠራ ይድገሙት። ምስሉ ከተወዛወዘ ጄነሬተሩ በራሱ መሠረት ላይ ከሕንፃው ተለይቶ እንዲቆም ይጠይቁ፤ ኮንፎካሉንም ከዚያ ግድግዳ ወደ ራቀው ጥግ ይውሰዱት። እርጥበቱን ግን አይናቁ፤ ሻጋታ ሌንስ ላይ ከበቀለ መስተዋቱን ይበላዋል። ግድግዳው ከኮንፎካሉ ግዢ በፊት ይታከም፤ እርጥበት መሳቢያ መሣሪያና መለኪያም በዝርዝሩ ይግባ፣ ከ60 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ብለው ይጻፉ።

ጠያቂ፦
ነገ ጠዋት ጄነሬተሩን አስነስተን እንሞክራለን። ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።